ርካሽ ትኬት ገዝቼ አራት ቀን ከፈልኩ

ሰው ከስህተቱ ይማራል ይባላል። እኔ ግን ከሰው ስህተት ብማር ይሻለኝ ነበር። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ በራሴ ደርሶ አየሁት። እናንተ ደግሞ ከእኔ ተማሩ ብዬ ነው ይህችን የምጽፈው። ጉዳዩ ሕፃን ልጅ ይዞ ረጅም መንገድ ስለ መብረር፣ በተለይም የትኛውን አየር መንገድ ልምረጥ ስለሚለው ጣጣ ነው። ውጭ አገር ሆናችሁ ልጆቻችሁን ለአያቶቻቸው ለማሳየት የምታስቡ፣ ወይም አዲስ አበባ ሆናችሁ የልጅ ልጅ መምጣት የምትጠብቁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. ገናን ከእናቴ ጋር ለማሳለፍ ወሰንኩ። ያን ጊዜ ወንዱ ልጄ አራት ዓመቱ ነው፤ ሴቷ ደግሞ ዓመት ከሁለት ወሯ። እናቴ ወንዱን ያየችው ገና ጡት ሲጠባ ነው። ሴቷንማ በስልክ ቪዲዮ ካልሆነ አላየቻትም። ዕድሜዋ 78 ደርሷል፤ ጉልበቷንም ያማታል። እሷ ትምጣ የሚባል ነገር የለም። ባለቤቴ ከሥራው ፈቃድ ስላላገኘ ሁለቱን ይዤ ብቻዬን መሄዴ ሆነ። የእኔም ፈቃድ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

አንድ ማታ ከባለቤቴ ጋር ትኬት ፍለጋ ቁጭ አልን። ዓይናችን ያረፈው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ዋጋው ላይ። ሁለት ቦታ እያረፈ የሚሄደው በረራ፣ ቀጥታ ከሚሄደው ይልቅ ለሦስታችን በ640 ዶላር ይቀንሳል። 640 ዶላር! በዚህ ገንዘብ ለእናቴ ስንት ነገር ይገዛል ተባባልን። «ልጆቹ እንደሆኑ ይተኛሉ» አለ ባለቤቴ። «ልጆቹ ይተኛሉ» የሚል ሰው ሁልጊዜ አብሮ የማይሄደው ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ብቻ ገዛን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለካ ለእኔ ኖሯል።

የሆቴል ወረቀት ይዞ ወለል ላይ

የመጀመሪያው በረራ አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይቶ ተነሳ። የምንቀይርበት የአውሮፓ ከተማ ላይ የነበረን ጊዜ ደግሞ በጠቅላላው አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው። የአየር መንገዱንም የከተማውንም ስም አልጠራም፤ መዘግየት በማንም ላይ ይደርሳል። ጥፋቱ ሁለት ልጅ ይዤ የአንድ ሰዓት ትራንዚት ያለው ትኬት መግዛቴ ነው።

ስናርፍ የሕፃኗ ጋሪ በር ላይ የለም። ለካ ከሻንጣው ጋር እስከ አዲስ አበባ ተልኳል። ሴቷን በነጠላ አዘልኳት፣ ወንዱን በእጄ ጎተትኩ፣ ሮጥኩ። ብንደርስ በሩ ተዘግቷል። የሚቀጥለው አውሮፕላን ነገ ነው ተባልኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ አዝና የሆቴል ወረቀት ሰጠችኝ። «እሰይ፣ ቢያንስ ልጆቼ ይተኛሉ» ብዬ ወደ መውጫው ሄድኩ።

እዚያ ያለው ፖሊስ ፓስፖርታችንን ተቀበለ። የልጆቼ ፓስፖርት አሜሪካዊ ነው፤ የእኔ የኢትዮጵያ ነው፣ ከአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ጋር። አገላብጦ አየና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ልጆቹ መግባት ይችላሉ፤ አንቺ ግን ቪዛ ያስፈልግሻል! እንግዲህ ለአራት ዓመት ልጅ የሆቴል ቁልፍ ሰጥቼ «እህትህን ይዘህ ሂድ» ልበለው? ያ የመኖሪያ ፈቃድ በአውሮፓ ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን ለመቀየር ያገለግላል እንጂ ከኤርፖርቱ አያስወጣም። ይህን እዚያ ቆሜ ነው ያወቅሁት። ሌሊቱን ወለሉ ላይ ነጠላ አንጥፈን አሳለፍን። የያዝኩት ዳይፐር አለቀ። መድኃኒት ቤቱ እስከ ጠዋት ተዘግቷል። ምን ልበላችሁ፣ የሆነ ሆኖ ነጋ።

አዲስ አበባ ስደርስ ከቤቴ ከወጣሁ 43 ሰዓት ሆኖኝ ነበር። እናቴ ከወንድሜ ጋር ቦሌ መጥታ የተመለሰችው በዋዜማው ነው። በማግስቱ ያንን የታመመ ጉልበቷን ይዛ እንደገና መጥታ ቆማለች። ወንዱ ልጄ አቅፋ ስትስመው ጋቢዋ ላይ አስመለሰ። ሴቷ ደግሞ ፊቷን አየችና እሪ አለች። ገና ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው። ልጅቷ አተኮሳት። ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ትነቃለች፤ በክረምቱ ወራት በሁለቱ አገር መካከል የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ። ከእኔ ጀርባ አትወርድም። እናቴ እጇን ስትዘረጋ ታለቅሳለች። እናቴ ምን ታድርግ? በርጩማዋን ይዛ በሩ ላይ ትቀመጥና ከሩቅ ታያታለች። እንዳታለቅስ ብላ ወደ ውስጥ አትገባም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፣ አራት ቀን።

በአራተኛው ቀን፣ በገና ዕለት፣ ቡና ተፈልቶ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ ልጅቷ ከጉልበቴ ላይ ወርዳ እየተንገዳገደች ሄደች። ከእናቴ እጅ ድፎ ዳቦ ተቀበለችና እዚያው እግሯ ሥር ቁጭ አለች። «እሰይ! ልጄ ዛሬ ገና ከአውሮፕላን ወረደችልኝ» አለች እናቴ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በኋላ ሒሳብ ሠራሁ። 640 ዶላር ለአራት ቀን ሲካፈል 160 ይመጣል። በመንገድ የቀረውን ቀን ሳልቆጥር፣ የእናቴንና የልጄን አንድ ቀን በ160 ዶላር ሸጥኩ ማለት ነው። እንኳን እሷ፣ እኔም አልሸጠው ነበር።

ከዶላሩ በፊት ማረፊያውን ቁጠሩ

ከዚያ ወዲህ ለጓደኞቼ የምለው አንድ ነገር ነው። ልጅ ይዛችሁ ስትሄዱ የምትገዙት ወንበር አይደለም፤ ልጆቹ ምን ሆነው እንደሚደርሱ ነው የምትገዙት። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ የሚቆጠረው ማረፊያ ነው። አውሮፕላኑ ስንት ጊዜ ይወርዳል?

ለምን አትሉም? አንደኛው ምክንያት ጆሮ ነው። አውሮፕላን ሲወርድ ውስጡ ያለው የአየር ግፊት ይጨምራል። የሕፃን የጆሮ ቱቦ ቀጭን ስለሆነ ግፊቱን ቶሎ አያስተካክልም፤ ጉንፋን ካለበት ደግሞ ይብሳል። ሕፃን ሲጠባ ወይም ሲውጥ ቱቦው ይከፈታል። ስለዚህ ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀር ጡት ወይም ጡጦ መስጠት ነው፤ ተኝቶ ከሆነም መቀስቀስ። እኔ «እንኳንም ተኛችልኝ» ብዬ ተውኳት፤ አውሮፓ ልናርፍ ስንል በጩኸት ነቃች። ለትልልቆቹ ከረሜላ ወይም ውኃ ይበቃል።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር ልንገራችሁ። አውሮፕላን ከፍ ብሎ ሲበር ውስጡ ያለው አየር የሚስተካከለው በግምት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ሆኖ ነው። ቦሌ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ስታርፉ የልጁ ጆሮ ብዙም አይጎዳም። የሚያስቸግረው እንደ ዱባይ፣ ዶሃ፣ ኢስታንቡል ወይም ዋሽንግተን ያለ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ማረፉ ነው። በመሃል የሚጨመረው እያንዳንዱ ማረፊያ አንድ የጆሮ ጩኸት፣ አንድ የተቋረጠ እንቅልፍ፣ አንድ ተጨማሪ የፍተሻ ሰልፍ ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

ሁለተኛው ምክንያት የማያልፈው ቀን ነው። ትራንዚት ካለ ይጥበብም አይርዘምም። ልጅ ለያዘ ሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች አይሞከርም፤ እኔ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት እመርጣለሁ። ከአምስት ሰዓት በላይ ከሆነ ደግሞ ልጅ ኤርፖርት ውስጥ ይታመማል። ሁለት የተለያየ ትኬት ገዝቶ መቀጣጠልማ አይታሰብ። የመጀመሪያው አውሮፕላን ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ ምን አገባኝ ይላል፤ አዲስ ትኬት የምትገዙት ከኪሳችሁ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ደግሞ እንደ እኔ እንዳትሆኑ፣ የምታድሩበት ከተማ ያስወጣኛል ወይ ብላችሁ አስቀድማችሁ አጣሩ።

እንግዲያስ የትኛው አየር መንገድ?

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። መልሱ የሚወሰነው በምትኖሩበት ከተማ ነው። አሜሪካ ስትገቡ ሻንጣችሁን የምትቀበሉት መጀመሪያ ባረፋችሁበት ከተማ ነው። ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ከቀጠላችሁ ሻንጣውን ወስዳችሁ፣ ጉምሩክ አልፋችሁ፣ እንደገና ታስረክባላችሁ። ይህን ሌሊቱን ሙሉ ካልተኛ ልጅ ጋር አስቡት!

ስለዚህ እንደ እኔ ዋሽንግተን አካባቢ ለሆነ ሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጥታ በረራ ይቀላል። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ወደ 13 ሰዓት ገደማ ነው፤ ሳያርፍ ይመጣል። ወደ ቺካጎና አትላንታም ይበራል። በሌላ በኩል ሲያትል ወይም ዳላስ የሚኖር ሰው በዱባይ ወይም በዶሃ በኩል፣ ዴንቨር ያለ ደግሞ በኢስታንቡል በኩል ቢመጣ አንድ ጊዜ ብቻ ቀይሮ ከቤቱ ደጃፍ ይደርሳል። እሱ በዋሽንግተን ልዙር ቢል ሻንጣውን ሁለት ጊዜ ይጎትታል። መስመሮቹ ስለሚቀያየሩ በምትገዙበት ሰሞን አረጋግጡ።

ቀጥታ በረራ የተባለውም ሲመለስ ቀጥታ እንዳይመስላችሁ። ቦሌ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል። አውሮፕላኑ ሰው፣ ዕቃና ሙሉ ነዳጅ ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል፤ ወደ ምዕራብ ሲሄድም ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ ወደ አሜሪካ ሲሄድ በመንገድ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ባለፉት ዓመታት ሮም፣ ደብሊን፣ ሎሜ ሲያርፍ ቆይቷል። አንድ ማረፊያ ጨምሩበት፤ ለልጁ ጆሮም ተዘጋጁለት።

ለነገሩ ቀጥታ በረራ ለሁሉም ልጅ ይሆናል አልልም። አንዲት ጓደኛዬ ሦስት ወንዶች ልጆች አሏት፤ «እኔ እነዚህን 13 ሰዓት አስሬ አላስቀምጥም» ትላለች። በመሃል ሦስት ሰዓት ኤርፖርት ውስጥ አሯሩጣ፣ አብልታ፣ አጥባ ነው የምትቀጥለው። አራትና አምስት ዓመት ለሞላው ልጅ እውነቷን ነው። ጡት ለሚጠባ ግን አንዴ ከተኛ አለመነካካቱ ይሻላል።

የአውሮፕላኑም ዓይነት ይለያል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787ን ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በዚህ አውሮፕላን የውስጡ አየር ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ወደ 1,800 ሜትር ስለሚስተካከል ሰውነት ብዙም አይደክምም። አቀማመጡን ደግሞ ከቤተሰባችሁ ቁጥር ጋር አስተያዩ። 787 እና ኤርባስ 350 አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ወንበር ናቸው፤ ለሦስት ሰው ይመቻሉ። ቦይንግ 777 እና ኤርባስ 330 መሃል ላይ አራት ወንበር ስላላቸው ለአራት ሰው ያለ እንግዳ ጎረቤት ያስቀምጣሉ።

ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉ

ትኬቱ ላይ የማይጻፍ ብዙ ነገር አለ። ደውላችሁ እነዚህን ጠይቁ።

መጀመሪያ የዕድሜ ነገር። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጭን ላይ ይቀመጣል። ብዙ አየር መንገዶች ለእሱ ከአዋቂው ዋጋ 10 በመቶ ገደማ ያስከፍላሉ። ሁለት ዓመት ከሞላው የራሱ ወንበር ግድ ነው። ሲሄድ አንድ ዓመት ከአሥራ አንድ ወር፣ ሲመለስ ሁለት ዓመት ከሆነ ለመልሱ ወንበር ይገዛለታል። ልደቱን ከመልሱ ቀን ጋር ሳታስተያዩ አትግዙ። አቅም ካለ ደግሞ ለትንሹም ወንበር ገዝቶ ለአውሮፕላን የተፈቀደ የመኪና ወንበሩን ማሰር ከጭን ይልቅ ለደኅንነቱ እንደሚሻል የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ይመክራል።

ቀጥሎ የሕፃን አልጋው። ከፊተኛው ረድፍ ግድግዳ ላይ የሚገጠም ትንሽ አልጋ አለ፤ ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ቀድሞ የጠየቀ ይወስዳል። ግን የክብደት ልክ አለው፤ ልኩም ከአየር መንገድ አየር መንገድ ይለያያል። የእኔዋ ዓመት ከሁለት ወሯ ስለነበር አልጋው ተሰጥቶን እግሯ ተርፎ ቀረ። አውሮፕላኑ ሲንገጫገጭም ብዙዎቹ ሕፃኑን አንሱ ይላሉ። እዚያ ረድፍ ላይ የክንድ መደገፊያው አይነሳም፤ ሲነሳና ሲያርፍም ቦርሳ እግር ሥር አይቀመጥም። ስለዚህ ከስድስት ሰባት ወር በታች ለሆነ ልጅ ገነት ነው፤ ለትልቅ ልጅ ግን የመደገፊያው ክንድ የሚነሳበት ተራ ረድፍ ይሻላል።

ጋሪውን ደግሞ በትራንዚቱ በር ላይ ትሰጡኛላችሁ ወይስ ከሻንጣው ጋር ይሄዳል ብላችሁ ጠይቁ። የልጆች ምግብ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይታዘዛል። የሕፃን ወተት የ100 ሚሊ ሊትሩ ገደብ አይመለከተውም፤ ፍተሻ ላይ አውጥታችሁ አሳዩ። ዳይፐር ለጉዞው ከሚበቃው እጥፍ ያዙ፤ አንድ አንድ ቅያሪ ልብስም፣ ለራሳችሁም ጭምር። ልጁ የሚያስመልሰው እናንተ ላይ ነው እኮ!

አባት ወይም እናት ብቻውን ልጅ ይዞ ከሄደ፣ የቀረው ወላጅ መስማማቱን የሚገልጽ በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ ወረቀት መያዝ አይከፋም። የውጭ ፓስፖርት ያላቸው ልጆች ኢትዮጵያ ለመግባት ቪዛ ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያስፈልጋቸዋል፤ «የእኛው ልጆች ናቸው» ማለት በር ላይ አይሠራም።

አንድ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። «የአለርጂ ሽሮፕ ስጫቸው፣ ለጥ ብለው ይተኛሉ» የሚላችሁ አይጠፋም። ሐኪሞች ልጅን ለማስተኛት ብቻ ተብሎ እንዳይሰጥ ይመክራሉ። አንዳንዱን ልጅ ጭራሽ ያነቃዋል፤ መጠኑ ከበዛ ደግሞ አደገኛ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አትሁኑ።

ሁለተኛው ጉዞ

በ2016 ዓ.ም. ለፋሲካ እንደገና ሄድን። ሴቷ ሁለት ዓመት አልፏታልና ሙሉ ወንበር ከፈልንላት። በዚያ ላይ ቀጥታውን በረራ መረጥን፤ ኪሳችን ተሰማው። ለዚያ ብለን በዚያ ዓመት ሌላ የታሰበ ነገር ትተናል። በዚህኛው ባለቤቴም አብሮን ነበር። «ልጆቹ ይተኛሉ» ያለው ሰውዬ ሴቷን አቅፎ ከኩሽናው እስከ ጅራቱ ሲመላለስ አየሁት። «እንዴት ነው፣ ተኙ?» አልኩት። አልመለሰልኝም።

እንዲያም ሆኖ አንዴ ብቻ ነው ያረፍነው፤ እሱም ቦሌ። ልጅቷ ጆሮዬን አላለችም። ጠዋት ነበር። እናቴ እዚያው ቦታዋ ላይ፣ በከዘራዋ ተደግፋ ቆማለች። ልጅቷ የአባቷን እጅ ለቀቀችና ሄዳ ጋቢዋን ያዘች።

እናቴ ጎንበስ ብላ ጭንቅላቷን ሳመቻትና ቀና ብላ አየችኝ። «ይቺስ ወርዳ ነው የመጣችው» አለች።

በዚያ ዓመት ሦስቱም ሳምንት የእሷ ነበር። ስንመለስ በሩ ላይ «እንግዲህ ደግሞ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አሁን ትኬት እያየሁ ነው። ዋጋውን መጨረሻ ላይ ነው የማየው።

መልካም መንገድ።